የአዲስ አበባን የአየር ብክለት መሞደልና መተንበይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለከተማ ባለሙያዎች፣ ለተመራማሪ ተማሪዎችና ዳታ ላይ ለሚሠሩ ሁሉ ነው። ምሳሌው አዲስ አበባ ቢሆንም አብዛኛው ነገር የመለኪያ ጣቢያ ለሚያጥረው ማንኛውም ደጋማ ከተማ ይሠራል። «ለምሳሌ» ብለን ያስቀመጥናቸው ቁጥሮች ሒሳቡን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ ማንም ለክቷቸው የተገኙ አይደሉም።

ሞዴልና ትንበያ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሞዴል ጭሱ ከየት እንደሚወጣ፣ ነፋስ ወዴት እንደሚወስደው፣ አየር ላይ ሳለ ወደ ምን እንደሚለወጥና በመጨረሻ እንዴት እንደሚወገድ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። በእሱ ያለፈውን ማብራራት («ያንን ሁሉ ጭስ ያመጣው መኪና ነው ወይስ ከሰል?»)፣ «ቢሆንስ» የሚል ጥያቄ መመለስ («የናፍጣ አውቶቡሶች በሙሉ በኤሌክትሪክ ቢተኩስ?»)፣ ወይም የነገን መተንበይ ይቻላል።

ሦስቱ ሥራዎች የሚጠይቁት ብቃት ይለያያል። ምንጮቹን አሳስቶ የያዘ ሞዴል እንኳ በየቀኑ በልኬት እየታረመ ከሄደ የነገን ቁጥር በደህና ሊተነብይ ይችላል። ያው ሞዴል ለ«ቢሆንስ» ጥያቄ ግን አይታመንም፤ ከሰሉን በመኪና ስም መዝግቦት ከሆነ መኪናውን ስታስወጡለት የሌለ ለውጥ ያሳያችኋል። ትንበያው ስለሰመረ ብቻ በዚያው ሞዴል የትራንስፖርት ፖሊሲ ለማውጣት የሚቸኩል ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

ከበካዮቹ የትኛውን ነው መተንበይ ያለብን?

ለአዲስ አበባ መጀመሪያ ፒኤም2.5፣ ማለትም ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) የማይበልጥ ብናኝ። ወደ ሳንባ ጥልቀት ይገባል፤ ከተማዋ ውስጥ የብዙ ዓመት ተከታታይ ልኬት ያለውም እሱ ነው። ቀጥሎ የተሽከርካሪ ምልክት የሆነው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የፒኤም2.5 የዓመት አማካይ ከ5፣ የ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳያልፍ ይመክራል፤ የ24 ሰዓቱ ጣሪያ በዓመት ከ3 ወይም 4 ቀን በላይ መታለፍ የለበትም። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በዓመት አማካይ 10 ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ብለን «ማይክሮግራም» ስንል በሜትር ኩብ ማለታችን ነው።

ጭሱ ያው፣ መኪናው ያው፤ ታዲያ ጠዋትና ማታ ለምን ይከፋል?

ይህን የተረዳ ሰው የከተማ ትንበያን ግማሽ ተረድቷል። ከተማዋን እንደ ሳጥን አስቧት፦ ወለሉ ምድሩ፣ ጣሪያው ደግሞ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ የሚደባለቅበት ከፍታ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦

ክምችት = (ልቀት በካሬ ሜትር በሴኮንድ × የከተማው ርዝመት) ÷ (የነፋስ ፍጥነት × የመደባለቂያ ከፍታ)

ለምሳሌ ልቀቱ 0.5 ማይክሮግራም በካሬ ሜትር በሴኮንድ፣ ርዝመቱ 20,000 ሜትር ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ 2 ሜትር በሴኮንድ፣ የመደባለቂያው ከፍታ 1,000 ሜትር ቢሆን ከተማዋ በራሷ የምትጨምረው 10,000 ÷ 2,000 = 5 ማይክሮግራም ነው። ማታ ነፋሱ ወደ 1፣ ጣሪያው ወደ 150 ሜትር ሲወርድ ያው ልቀት 10,000 ÷ 150 = 67 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል። አንድ መኪና ሳይጨመር ከ13 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። (ሌሊት ሳጥኑ ሞልቶ ሚዛን እስኪይዝ ሰዓታት ስለሚፈጅ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ከከተማው ውጭ ነፋስ ይዞት የሚመጣውም ሲደመርበት ከፍ ይላል።)

ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከሥር ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ይቀመጥና እንደ ድስት ክዳን ይገጥማል። ሰሜን በኩል እንጦጦ ቆሟል፤ ሌሊት ከተዳፋቱ የሚንሸራተተው ቀዝቃዛ አየር የወንዞቹን ሸለቆ ይዞ ወደ ዝቅተኛው ደቡብ ይወርዳል። ክዳኑ የሚከፈተው ፀሐይ ከወጣች ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው፤ የሥራና የትምህርት ቤት ትራፊክ ግን ከዚያ ይቀድማል። የማታው ከፍታ ደግሞ ትራፊኩ፣ የእራት ከሰሉና ክዳኑ መልሶ መግጠሙ ሲገናኙ ይመጣል።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነገር አለ። ማንኛውንም ሞዴል ስትቀበሉ ከብክለቱ በፊት የመደባለቂያ ከፍታውን በየሰዓቱ አማካይ ሣሉት። እውነተኛው 150 ሜትር ሆኖ ሞዴሉ 75 ካለ የከተማዋን ድርሻ እጥፍ ያደርገዋል፤ የልቀት መዝገቡን የቱንም ያህል ብታጠሩት ይህን አይጠግነውም።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል አይደል?

ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ያስባል፤ አንዳንድ ሞዴልም እንዲሁ። ዝናብ ትልልቁን የመንገድ አቧራ በደንብ ያጥባል፣ መሬቱንም ያረጥባል። ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮን ያለው የጭስ ብናኝ ግን ለዝናብ ጠብታ አይመችም፤ ጠብታው አየሩን ገፍቶ ሲወርድ ቅንጣቱ አብሮ ዞር ይላል። በላዩ ላይ ደመናው ፀሐይን ስለሚጋርድ ቀኑም ሳይሞቅ፣ ጣሪያው ሳይነሳ ይውላል፤ እንጨቱና ከሰሉ እርጥብ ነው፤ በየጉልቱ በቆሎ ይጠበሳል። አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ፒኤም2.5 ከፍ ብሎ መለካቱ ስለዚህ የመሣሪያ ስህተት ሊመስላችሁ አይገባም። «ዝናብ ካለ ቀንስ» የሚል ሕግ በእጃችሁ አትጻፉ፤ ዳታው ራሱ ይናገር።

ከሞዴል ዓይነቶች የትኛውን እንምረጥ?

እንደ ጥያቄው ነው። ለአንድ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ወይም ለታቀደ መንገድ የሚሆነው እንደ ኤርሞድ ያለ የጋውስ ሞዴል ነው፤ ጭሱ ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ እንዴት እንደሚበተን በቀላል ቀመር ያሰላል፤ በአንድ ላፕቶፕ ይሠራል፣ የሚፈልገው የአንድ ጣቢያ የአየር ጠባይ ዳታና የምንጩን መጠን ነው። በጸጥታ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ግን ይደክማል፤ የአዲስ አበባ መጥፎ ሰዓቶች ደግሞ እነዚያው ናቸው።

ከተማዋንና ዙሪያዋን በሙሉ ከኬሚስትሪው ጋር ለማስላት ደብሊውአርኤፍ-ኬም ወይም ሲማክ የተባለ ትልቅ የከባቢ አየር ሞዴል ያስፈልጋል። የነገና የከነገ ወዲያ ቁጥር ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ነፃ የዓለም አቀፍ ትንበያ ወስዶ በአካባቢ ልኬት ማረም በገንዘብም በጉልበትም ያዋጣል። የእኛ ምክር ከዚህ እንዲጀመር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የራሱን ትልቅ ሞዴል ለማቆም የተነሳ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሶፍትዌር በማስተካከል ነው።

ስልኬ ላይ የማየው የአዲስ አበባ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ወይ ከአካባቢው ሴንሰር፣ ወይ ከሞዴል ነው፤ አንዳንዱ መተግበሪያ የቱ እንደሆነ ጎላ አድርጎ አይጽፍም። ከሞዴል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምንጩ ካምስ ነው፤ የአውሮፓው ኮፐርኒከስ የከባቢ አየር አገልግሎት። የናሳው ጂኦስ-ሲኤፍም አለ፤ ፍርግርጉ (ካርታውን የሚከፋፍልባቸው ሳጥኖች) ሩብ ዲግሪ፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው።

ካምስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከ00 እና ከ12 ተነስቶ የ5 ቀን ትንበያ ይሰጣል። የፍርግርጉ አንድ ሳጥን 0.4 ዲግሪ፣ በእኛ አካባቢ 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከ1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 530 ገደማ ናት። ስለዚህ መርካቶም፣ ቦሌም፣ ከከተማው ውጭ ያለው የጤፍ ማሳም አንድ ቁጥር ይካፈላሉ። ካምስ ለዚህ ቦታ የሚጠቅመው ከሩቅ የሚመጣውን አቧራና የአየሩን አዝማሚያ ለማወቅ ነው። የሰፈር ብክለት አይጠየቅበትም።

ሲያወርዱት የሚሳሳቱባቸው ሦስት ቦታዎች፦ አንደኛ፣ ፒኤም2.5 የሚመጣው በኪሎግራም በሜትር ኩብ ስለሆነ በ1,000,000,000 ይባዛል። ሁለተኛ፣ ጋዞቹ የሚመጡት በኪሎግራም በኪሎግራም አየር ስለሆነ በአየሩ ጥግግት ይባዛሉ፤ የትኛው ጥግግት እንደሆነ ከታች ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ። ከ12 የተነሳው ትንበያ የሚደርሰው በዓለም አቀፉ 22 ሰዓት ገደማ፣ በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መግለጫ የምታወጡ ከሆነ በእጃችሁ ያለው አዲሱ ትንበያ የተነሳው ከ15 ሰዓት በፊት ነው። ያለፈውን ዓመት ስትፈትኑም ይህንኑ መዘግየት አስገቡ፤ አለዚያ በሥራ ላይ በጭራሽ የማታገኙትን ትኩስ ትንበያ ተጠቅማችሁ ውጤታችሁን ታሳምራላችሁ።

ከፍታችን በሒሳቡ ላይ ለውጥ አለው?

አለው፤ ብዙም ሰው ይዘነጋዋል። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 101.3። በ20 ዲግሪ የአየሩ ጥግግት 0.92 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። ከመጽሐፍ ላይ 1.225ን አንስቶ ያባዛ ሰው ውጤቱን በሲሶ ያሳድገዋል።

ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ። በየሠንጠረዡ «1 ፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ እጅ) = 1.88 ማይክሮግራም» የሚለው ለባሕር ጠለልና ለ25 ዲግሪ ነው፤ በአዲስ አበባ ግፊትና በ20 ዲግሪ ወደ 1.45 ይወርዳል። የብናኝ መለኪያዎችም ክምችቱን «በአካባቢው ሁኔታ» ወይም «በመደበኛ ሁኔታ» እንዲሰጡ ሊዋቀሩ ይችላሉ፤ በሁለቱ መካከል እዚህ ሩብ ያህል ልዩነት አለ። ሁለት ጣቢያዎች ዓመቱን ሙሉ በተመሳሳይ መቶኛ ከተለያዩ ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ቅንብር አረጋግጡ።

የልቀት መዝገብ እንዴት ይሠራል?

መሠረቱ ማባዛት ነው፦ የሥራው መጠን × ለአንድ አሃድ ሥራ የሚወጣው ልቀት። ለምሳሌ 1,000 ሚኒባሶች በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢሄዱና በኪሎ ሜትር 0.3 ግራም ብናኝ ቢያወጡ 45 ኪሎግራም በቀን ይሆናል። ከዚያ በኋላ በመንገዶች ላይ እንደ ትራፊኩ ብዛት ይከፋፈላል፤ በሰዓታትም እንዲሁ። ችግሩ ያለው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን ሁለቱን ቁጥሮች ማግኘቱ ላይ ነው። በአውሮፓ ላቦራቶሪ የተለካ የልቀት መጠን ሃያ ዓመት የሠራን፣ ማጣሪያው የወጣለትን፣ በቀጭን አየር ውስጥ ዳገት የሚወጣን መኪና አይወክልም። ኦክስጅን ሲያንስ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም።

ዓለም አቀፍ መዝገቦች አሉ፤ ኤድጋር በ0.1 ዲግሪ፣ ማለትም በ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ለአፍሪካ የተሠራው ዳቺዋም አለ። እነዚህ ልቀቱን በቦታ የሚያከፋፍሉት በአብዛኛው በሕዝብ ብዛትና በመንገድ ካርታ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ኮንዶሚኒየምና በባሕር ዛፍ ቅጠል የሚጋግር ሰፈር ሕዝባቸው እኩል ከሆነ እኩል ጭስ ይደርሳቸዋል። በእጃችሁ ልታርሙት የሚገባው መጀመሪያ ይህንን ነው። የነዋሪዎች ጥናት ስትሠሩ «ምን ትጠቀማላችሁ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ስንት ኪሎ ከሰል በሳምንት፣ እንጀራው በስንት ቀን አንዴና በስንት ሰዓት ይጋገራል፣ መብራት ሲጠፋስ ወደ ምን ትዞራላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ማገዶ አለው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ እንደ ደልሂ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ መዝገቡ ላይ አይኖርም። ቆሻሻ ማቃጠል፣ የመንገድና የግንባታ አቧራ፣ ጄኔሬተር ግን መግባት አለባቸው። ከጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም መዝገቡን በየዓመቱ ማደስ ግድ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል፦ የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ባያወጣም ጎማና ፍሬኑ ይፋቃል፣ አቧራም ያስነሳል፤ ዜሮ ብላችሁ እንዳትሞሉት።

መለኪያ ከየት እናገኛለን? ርካሽ ሴንሰሮችስ ይታመናሉ?

ለዓመታት ለሁሉም ክፍት የነበረው የፒኤም2.5 ዳታ በአሜሪካ ኤምባሲና በዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ከቆሙት መለኪያዎች ይገኝ ነበር፤ ጅማሬው 2016 እ.ኤ.አ. ነው። በማርች 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከኤምባሲዎቹ በሙሉ የቀጥታ ዳታ መላኩን አቋርጧል። የቀድሞው ዳታ ግን ሞዴል ለማሠልጠን ዛሬም ወርቅ ነው። ሲያነቡት −999 የሚለው «የለም» ማለት ስለሆነ ይሰረዝ። እንደ −3 ያሉ ትናንሽ አሉታዊ ቁጥሮች ግን ይቆዩ፤ የመሣሪያው ተፈጥሯዊ መዋዠቅ ናቸው፣ እነሱን ብቻ የቆረጠ ሰው አማካዩን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ርካሾቹ ሴንሰሮች በሌዘር ብርሃን ቅንጣት ይቆጥራሉ እንጂ አይመዝኑም። አየሩ ሲረጥብ ቅንጣቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሴንሰሩም የሌለ ብናኝ ይቆጥራል። ለፐርፕልኤር ሴንሰሮች በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለሙያዎች የወጣው ማስተካከያ እንዲህ ነው፦ የታረመ = 0.524 × የሴንሰሩ ንባብ − 0.0862 × አንጻራዊ እርጥበት + 5.75። ለምሳሌ ንባቡ 60፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን፦ 31.4 − 6.0 + 5.75 = 31 ገደማ። ግማሹ ተነነ። ይሁንና ይህ ቀመር የወጣው ከአሜሪካ አየር ነው፤ ከሰልና ቀይ አቧራ ለበዛበት ከተማ እንዳለ አይገለበጥም።

የራሳችሁን ለማውጣት ቢያንስ ሁለት ሴንሰር ከማጣቀሻ መለኪያ (ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ መሣሪያ) ጎን፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ አራት ሳምንት በበጋ አራት ሳምንት በክረምት አቁሙ። በበጋ ብቻ የተስተካከለ ሴንሰር ክረምት ላይ ያሳፍራል። ውስጡ ሁለት ዳሳሽ ካለውና ሁለቱ ከ5 ማይክሮግራምም ከ50 በመቶም በላይ ከተለያዩ ያንን ሰዓት ጣሉት። ከሰዓቱ ውስጥ 75 በመቶ ንባብ ያልተሟላለትንም እንደዚያው። የእነዚህን ሴንሰሮች ፒኤም10 (እስከ 10 ማይክሮን ያለው ብናኝ) አትመኑ፤ ትልልቁን አቧራ በደንብ አያዩትም።

ከሁሉ የሚያሳስበው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ሴንሰሩም ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩና ከሰሉ የሚነሳው ደግሞ ያኔ ነው። የጎደሉት ሰዓቶች ከቀሩት የባሱ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። አነስተኛ ባትሪ መግጠም ተጨማሪ ሴንሰር ከመግዛት ይቀድማል።

ደብሊውአርኤፍ-ኬምን ራሳችን ብናስኬድስ?

ይቻላል። የተለመደው አሠራር አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ፍርግርጎች ነው፤ 27፣ 9 እና 3 ኪሎ ሜትር። ውጨኛው ምሥራቅ አፍሪካንና ቀይ ባሕርን፣ ውስጠኛው ከተማዋን ከእንጦጦ፣ ከወጨጫ፣ ከፉሪና ከየረር ጋር ይያዝ። የስሌቱ እርምጃ (ሞዴሉ በአንዴ የሚራመደው ጊዜ) በሴኮንድ ከኪሎ ሜትሩ 6 እጥፍ እንዳያልፍ ይመከራል፤ ለ3 ኪሎ ሜትር 18 ሴኮንድ፤ ተራራው ገደላማ ስለሆነ ከዚያ ዝቅ ማድረግ ግድ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ በመሀል ከወደቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ንብርብር ከ30 እስከ 40 ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ 100 ሜትር ውፍረት ያለው ንብርብር የሌሊቱን ክዳን አያየውም። የአየር ጠባዩን የመጀመሪያ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ የኬሚስትሪውን ደግሞ ጥቂት ቀናት እንደ ማሟሟቂያ ቆጥራችሁ ጣሉ። የአየር ጠባይ ግብዓቱ ከአሜሪካው የአየር ጠባይ ትንበያ ጂኤፍኤስ በነፃ ይገኛል፤ ጠርዙ ላይ የሚገባው ብናኝ ከካምስ ይወሰዳል።

ልቀታችሁ በ11 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሞዴሉን በ1 ኪሎ ሜትር ማስኬድ ኮምፒውተር ማድከም ነው። ካርታው ያምራል፣ መረጃው ግን አልጨመረም።

በማሽን ለርኒንግ እንዴት እንጀምር?

መጀመሪያ ዳታ። የሁለት ዓመት የየሰዓት ልኬት 17,520 ረድፍ ነው፤ ሩቡ ቢጎድልም ይበቃል። ከጎኑ የሚገቡት፦ የካምስ የፒኤም2.5 ትንበያ፣ የመደባለቂያ ከፍታ፣ የነፋስ ሁለቱ አቅጣጫዎች (የምሥራቅ-ምዕራብና የሰሜን-ደቡብ ድርሻው)፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ዝናብ፣ የቀኑ ሰዓት፣ የሳምንቱ ቀን፣ በዓል፣ እና የትናንቱ የዚያው ሰዓት ልኬት። እንደ ላይትጂቢኤም ያለ የዛፍ ሞዴል (ዳታውን በተከታታይ አዎ/አይ ጥያቄ እየከፋፈለ የሚማር) ለዚህ መጠን ዳታ ይበቃል፤ በላፕቶፕ ላይ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ጥልቅ ኔትወርኮች በአንድ ጣቢያ ዳታ ላይ ከዚህ ያን ያህል ሲሻሉ አይታይም።

የሚበላሸው በዋናነት በሦስት መንገድ ነው። ዳታውን በዘፈቀደ ከፍሎ መፈተን አንዱ ነው፤ የ2 ሰዓቱን ለማወቅ የ1ና የ3 ሰዓቱን ያየ ሞዴል ጎበዝ መስሎ ይታያል። ያለፈውን ጊዜ ለማሠልጠኛ፣ የኋለኛውን ለመፈተኛ አድርጋችሁ በቀን ቁረጡት፤ መፈተኛው ቢቻል ሙሉ ዓመት ይሁን። ሁለተኛው የነገን ጠዋት ሲተነብዩ «ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረውን ልኬት» ማስገባት ነው፤ ማታ ላይ ያ ልኬት ገና አልተወለደም። ሦስተኛውና ስውሩ፦ በኢአርኤ5፣ ማለትም በልኬት ታርሞ በተሠራ ያለፈ የአየር ጠባይ መዝገብ፣ ማሠልጠንና በትንበያ የአየር ጠባይ ማስኬድ። ኢአርኤ5 የሆነውን አይቶ የተሠራ ነው፤ ትንበያው ይሳሳታል። ማሠልጠኛውም የተቀመጠ የድሮ ትንበያ ቢሆን ይመረጣል።

በዓላትና የሰዓት አቆጣጠራችን ሞዴሉን ያውካሉ?

በደንብ! የመስቀል ደመራ ማታ፣ የቡሄ ችቦ፣ ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» የሚነሳው ጭስ በምንም የትራፊክ መዝገብ ውስጥ የለም። በኮድ ስታስገቡት የፈረንጁን ቀን በቋሚነት አትጻፉ። ደመራ መስከረም 16 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 26 ይውላል፤ የፈረንጆቹ የካቲት 29 ቀን ከሚሆንበት ዓመት በፊት ባለው መስከረም ግን 27 ይሆናል፤ በ2023 እንደሆነው። በእኛው ካሌንደር አስልታችሁ ወደ ፈረንጁ ቀይሩ። በዓሉ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ሞዴሉ ከሁለት ምሳሌ አይማርም፤ እነዚያን ምሽቶች በእጅ ማስጠንቀቂያ መያዝ ይሻላል። ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም 11 ቀን ስለሚቀድም ለብቻው ዓምድ ይፈልጋል፤ የማታ ማብሰያ ሰዓቱ ይለወጣል።

ሰዓት፦ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ቀንሱ፣ የእኛን ታገኛላችሁ። 04 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የትራፊክ ቆጠራ ቅጾች በኢትዮጵያ ሰዓት ተሞልተው «2፡00» ተብሎ ተጽፎ ወደ ዳታው በሌሊት 8 ሰዓት ከገባ፣ የጠዋቱ ሰልፍ ባዶ መንገድ ላይ ይታያል።

ትንበያችን ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ከሰነፉ ተወዳዳሪ ጋር አወዳድሩት፦ «ነገ እንደ ዛሬ ነው» ከሚለው። ይህን ካላሸነፈ ወጪው ከንቱ ነው። አማካይ ስህተቱንና አድልዎውን (በአማካይ ያበዛል ወይስ ያሳንሳል) ለየብቻ፣ በወቅትና በሰዓት ከፋፍላችሁ ሪፖርት አድርጉ። የቀን አማካዩ ልክ ሆኖ ጠዋትን አሳንሶ ቀትርን ሊያበዛ ይችላል።

ለማስጠንቀቂያ ደግሞ ቆጠራ ነው። ለምሳሌ በዓመት 90 ቀን ከ35 ማይክሮግራም በላይ ሆነ፤ ትንበያችሁ 100 ቀን አስጠነቀቀ፤ 65ቱ ሆኑ። ከመጥፎዎቹ ቀኖች 72 በመቶውን ይዟል፣ ከማስጠንቀቂያዎቹ 35 በመቶው ውሸት ነበር። የትኛው ይብሳል የሚለውን መወሰን የባለሥልጣኑ ድርሻ ነው። የአስም ሕሙማንን ለመምከር የውሸት ማንቂያ ይቻላል፤ የግንባታ ሥራ ለማስቆም ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰሚ ይጠፋል።

ቁጥሩን ለሕዝብ በምን መልክ እናውጣ?

በብዙ ቦታ የሚታወቀው የአሜሪካው የአየር ጥራት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ስለተሻሻለ የድሮውን ሠንጠረዥ አትጠቀሙ፦ «መልካም» ለ24 ሰዓት ፒኤም2.5 እስከ 9.0፣ «መካከለኛ» እስከ 35.4፣ «በቀላሉ ለሚጠቁ ጎጂ» እስከ 55.4፣ «ጎጂ» እስከ 125.4፣ «በጣም ጎጂ» እስከ 225.4፣ ከዚያ በላይ «አደገኛ»። ለ30 ማይክሮግራም ሒሳቡ 51 + (30 − 9.1) × 49 ÷ 26.3 = 90 ነው። ሕንድ የራሷ መለኪያ ስላላት የደልሂ 300 እና የአዲስ አበባ 300 አንድ አይደሉም። ደልሂ ላይ የመለኪያው ቁጥር 201፣ 301፣ 401 እና 451 ላይ ሲደርስ ደረጃ በደረጃ እርምጃ ይወሰዳል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በትንበያ ቀድሞ መነሳት ተጀምሯል።

መግለጫው ላይ «ነገ 47.3» አትበሉ። «ነገ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ከ40 እስከ 60፣ ከቀትር በኋላ ዝቅ ይላል» ቢባል ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ ማለዳ የሚሮጠውም ይረዳዋል።

ስንት ቀን ወደፊት መሄድ ይቻላል?

ነገና ከነገ ወዲያ በደህና፤ ሦስተኛው ቀን አዝማሚያ ብቻ። ከዚያ በኋላ የአየር ጠባዩ ስህተት በራሱ ብክለቱን ይውጠዋል። ከበረሃ የሚነሳ ትልቅ የአቧራ ደመና ለየት ይላል፤ እሱን ካምስ አራትና አምስት ቀን ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል፤ የሚደርስበት ሰዓት ግን በግማሽ ቀን ሊዛነፍ ይችላል።